ሰማያዊዋን ነጥብ እንገምግማት፦ ከጀልባ ስክሪን እስከ አውቶቡስ ተራ

ስልካችሁን አውጡና የካርታ አፕ ክፈቱ። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ትመጣለች። ከየት መጣች? የተሰላችው አሁን ነው ወይስ ከሁለት ደቂቃ በፊት? ስህተቷ 5 ሜትር ነው ወይስ 50? ስክሪኑ በቀጥታ አይነግራችሁም፤ እናንተም አትጠይቁትም። አምራቾች ይህን እንደ ትልቅ ድል ነው የሚያቀርቡት፦ «ምንም ሳታስተካክሉ ይሠራል» ይሏችኋል። እኔ ዛሬ ይህን ሙገሳ ልመዝነው ነው። ክርክሬን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ማስተካከያውን ማቅለል ጥሩ ምህንድስና ነው፤ ጥርጣሬውን መደበቅ ግን መጥፎ ምህንድስና ነው። ብዙዎቹ የአቅጣጫ ስክሪኖች ሁለቱን በአንድ ጥቅል አስረው ሸጠውልናል።

ለመመዘን ማነጻጸሪያና መፈተኛ ቦታ ያስፈልገናል።

ማነጻጸሪያችን የጀልባ ስክሪን ይሁን። ባለሙያዎቹ ቻርት ፕሎተር ይሉታል። በጀልባ መሪው ፊት ይገጠማል፤ የውሃ ካርታውን፣ የጂፒኤስ ቦታውን፣ የጥልቀት መለኪያውንና ኮምፓሱን አንድ ላይ ያሳያል። በትልልቅ መርከቦች ላይ ያለው ታላቅ ወንድሙ ኤክዲስ ይባላል፤ ከ2012 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ለሚሠማሩ አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ደረጃ በደረጃ ግዴታ ሆኗል። «ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?» እንዳትሉ። ኢትዮጵያ የራሷ የንግድ መርከቦች አሏት፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ደግሞ በመርከብ ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶችንና የኤሌክትሮኒክስ መኮንኖችን የሚያሠለጥን ተቋም አለ። ጣና ላይም በየቀኑ ሰው ይሻገራል።

መፈተኛ ቦታችን አውቶቡስ ተራ ነው፤ መርካቶ፣ አዲስ ከተማ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገና ሳይነጋ ከዚያ አውቶቡስ ለመያዝ የሚሯሯጥ አለ፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን አዲስ አበባ ላይ የሚያሳርፍም አለ። ሻንጣ ተሸክሞ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚዞር ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ታውቃላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ 50 ሜትር መሳሳት ያመለጠ አውቶቡስ ወይም የጠፋ ስልክ ሊሆን ይችላል።

ማስተካከል ማለት ምን ማለት ነው?

በጀልባ ስክሪን ላይ ከሁሉ ቀላሉን ማስተካከያ እንውሰድ፤ ጥልቀትን። የጥልቀት መለኪያው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ከታች ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል፣ ርቀቱን ያሰላል። ግን ከየት ጀምሮ? ከራሱ ከሴንሰሩ ጀምሮ ነው። ሴንሰሩ ከውሃው ፊት 0.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገጥሟል እንበል፤ የጀልባዋ የታችኛው ጫፍ ደግሞ 0.9 ሜትር ዝቅ ይላል። ሴንሰሩ 2.0 ሜትር ካለ የውሃው ጠቅላላ ጥልቀት 2.5 ሜትር ነው፤ ከጀልባዋ ሆድ በታች የቀረው ግን 1.6 ሜትር ብቻ ነው። መሪው በሴቲንግ ውስጥ 0.5 ከደመረ የመጀመሪያውን ቁጥር ያያል፣ 0.4 ከቀነሰ ሁለተኛውን።

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። አደጋው ያለው የትኛው እንደሆነ ባለማወቅ ላይ ነው። ጀልባውን ዛሬ የተረከበ ሰው ስክሪኑ ላይ 1.0 ቢያነብ ከሆዱ በታች ወይ 1 ሜትር ውሃ አለው፣ ወይ 10 ሴንቲ ሜትር። ጣና ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የሐይቁ ከፍታ ከክረምት ማግስት እስከ በጋው ማብቂያ ከ1 ሜትር በላይ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ካርታ ላይ የተጻፈ ጥልቀት «በየትኛው ወር ውሃ ተለካ?» ካልተባለ ብዙም አይረባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማስተካከሉ ተጠቃሚውን አንድ ጥያቄ አስገድዶ ያስጠይቀዋል፦ «ይህ ቁጥር ከየት ጀምሮ ነው?» ስልካችን ያሳጣን ይህን ጥያቄ ነው። አሁን ስክሪኖቹን በአራት ነጥብ እንገምግም።

አንደኛ፦ ዙም ስታደርጉ ምን ይጠፋል?

ኅዳር 29 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ቬስታስ ዊንድ የምትባል የውድድር ጀልባ ከኬፕታውን ወደ አቡ ዳቢ ስትጓዝ በሌሊት ከሞሪሺየስ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ካርጋዶስ ካራሆስ በሚባል የኮራል ሪፍ ላይ ወጣች። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩባት፤ ሁሉም ተርፈዋል፣ ጀልባዋ ግን ተሰባበረች። መርከበኞቹ ጀማሪዎች አልነበሩም፣ ካርታውም ነበራቸው። ነገር ግን የኤሌክትሮኒክስ ካርታው ራቅ ብሎ ሲታይ፣ ማለትም በትንሽ ዙም፣ ሪፉ እንደ አደጋ ጎልቶ አይታይም ነበር። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን እዚያው ነበር።

ይህ የሶፍትዌር ብልሽት አልነበረም። ሁሉም ዲጂታል ካርታ በእያንዳንዱ የዙም ደረጃ ላይ የሚያሳየውንና የሚጥለውን ይመርጣል፤ ሁሉንም ካሳየማ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ጥያቄው ማን መረጠ፣ በምን መስፈርት መረጠ የሚለው ነው።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ። መርካቶ የሚነበበው በ«ተራ» ነው፦ ሳጥን ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ዱባይ ተራ። ሰው ሲጠቁማችሁ «አንዋር መስጊድን አልፈህ»፣ «ከራጉኤል ወረድ ብለህ»፣ «ሲኒማ ራስ ጋ» ነው የሚላችሁ። ካርታውን ራቅ አድርጋችሁ እዩት፦ መጀመሪያ የሚቀሩት የትልልቅ መንገዶች ስሞችና በአፑ ላይ የተመዘገቡ ንግድ ቤቶች ናቸው። ሰው በአፉ የማይጠራው የመንገድ ስም ጎልቶ ይጻፋል፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራው ተራ ይጠፋል። የካርታው መስፈርት ሌላ ቦታ፣ ለሌላ ዓይነት ከተማ የተሠራ መሆኑ እዚህ ያስታውቃል። በዚህ ነጥብ ስክሪኑ ወድቋል። የጀልባው ስክሪን ቢያንስ «ከካርታው ትክክለኛ መጠን ውጭ ነህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ይችላል፤ የስልኩ ካርታ «እዚህ ያልታየ ነገር አለ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁለተኛ፦ ዜሮው የት ነው?

ይህኛው የእኛው የቤት ጣጣ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁ ከሰማይ አይወርዱም፤ የምድርን ቅርፅ የሚወክል አንድ ሒሳባዊ እንቁላል መሳይ አካልና መነሻ ነጥብ ይፈልጋሉ። ይህ ጥምረት ዳተም ይባላል። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች ግን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም ላይ ነው። ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ ወቅት ነው ይህ መረብ ወደ አገራችን የተዘረጋው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ኑብያ ውስጥ ያለ የመለኪያ ነጥብ ነበር፤ ዛሬ ከአስዋን ግድብ ጀርባ ባለው ሐይቅ ተውጧል። የቆየውን ካርታችንን የምንለካበት ነጥብ ከጣና ጭምር በወረደ ውሃ ሥር ነው ያለው ማለት ነው!

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የሁለቱ አካላት የምድር ወገብ ሬዲየስ ብቻ በ112 ሜትር ይለያያል፤ መሃላቸውም አንድ ቦታ ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አንድን ነጥብ በኬክሮስና ኬንትሮስ ብትጽፉት ሁለቱ ዳተሞች ከ100 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ዩቲኤም በሚባለው የሜትር መረብ ብትጽፉት ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ። መርካቶ ውስጥ 200 ሜትር ማለት ከአንድ ተራ ወጥቶ ሌላ ተራ ውስጥ መግባት ነው። ጣና ላይ ከሆነ ደግሞ ከጀልባ ማረፊያው ወጥቶ ድንጋይ ላይ መውጣት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ጋ ስልኩን ላመስግነው። ዳተሙን እንድትመርጡ አይጠይቃችሁም፤ ሁሌም ደብሊውጂኤስ 84 ነው፣ ካርታውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የጀልባ ስክሪንና የእጅ ጂፒኤስ ግን ረጅም የዳተም ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ ተሳስቶ አንዱን የነካ ሰው ስክሪኑ ምንም ሳይለው ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ይሁንና ከቆየ ካርታ ወይም ከድሮ የቦታ ፕላን ላይ ቁጥር ቀድታችሁ ስልክ ውስጥ ስታስገቡ፣ ስልኩም «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብሎ አይጠይቃችሁም። መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፦ ነጥቧ ከየት መጣች?

ሰኔ 10 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ሮያል ማጀስቲ የተባለች የመዝናኛ መርከብ ከበርሙዳ ወደ ቦስተን ስትጓዝ ናንተኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ከ1,500 በላይ ሰዎች ነበሩባት፤ የተጎዳ አልነበረም። ምርመራው ያገኘው ነገር ለመሐንዲስ የሚያሳፍር ነው። መርከቧ በተነሳች በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ የጂፒኤስ አንቴናው ኬብል ከቦታው ተላቋል። መሣሪያው ሳተላይት ሲያጣ አልቆመም፤ በፍጥነት፣ በሰዓትና በአቅጣጫ ብቻ ቦታውን መገመት ቀጠለ። ይህን ለመግለጽ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ትናንሽ ፊደላት ብቅ አሉ፤ በቃ። ግምቱ ነፋስንና የውሃ ፍሰትን አያውቅም። ከ34 ሰዓት ያህል በኋላ መርከቧ ከመስመሯ 17 የባሕር ማይል፣ ማለትም 31 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበር። ስክሪኑ ግን እስከ መጨረሻው ንጹሕ መስመር እያሳየ ነበር።

ስልካችሁም እንዲህ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ሳተላይት ሲያጣ ከዋይፋይ፣ ከስልክ ማማና ከውስጥ ሴንሰሮች ቦታን ይገምታል። ይህ ብልህነት ነው፤ አልቃወምም። የምቃወመው ነጥቧ ያው ቀለሟን ይዛ መቀጠሏን ነው።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ ሳተላይት ቢኖርም ነገሩ ቀላል አይደለም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ርቀቱ የሚሰላው ሲግናሉ በፈጀው ጊዜ ነው። በብርሃን ፍጥነት 1 ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ነው። ከአንድ መስታወት ለበስ ሕንፃ ነጥሮ 30 ሜትር ዞሮ የመጣ ሲግናል አንድ አሥረኛ ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ይዘገያል፤ መቀበያው ግን ሳተላይቱን 30 ሜትር ያርቀዋል። አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ ስለሆነች፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት የላይኛው ከባቢ አየር፣ አዮኖስፌር የሚባለው፣ አንዳንድ ምሽት ሲግናሉን ሊያርገበግበው ይችላል።

በነጥቧ ዙሪያ የምትታየው ፈዛዛ ክብ ግን በጣም ጥሩ ዲዛይን ናት። ሁሉም ያያታል፣ ማንም አያነባትም። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ መለኪያው የ68 በመቶ ነው። ስልኩ «20 ሜትር» ሲል፣ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል እናንተ ከዚያ ክብ ውጭ ናችሁ ማለት ነው። የትኛው የስልክ ማስታወቂያ ነው ይህን የነገራችሁ?

ከሁሉ የምጠላው ደግሞ የመኪና ናቪጌሽን የሚያደርገውን ነው። ነጥቧን ጎትቶ በቅርብ ያለ መንገድ ላይ ያስቀምጣታል። መኪና መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ግን ስህተቱን አጥቦ ያቀርብላችኋል። የተሳሳተው መንገድ ላይ ቢያስቀምጣችሁም እንኳ ነጥቧ አስፋልቱ መሃል ቀጥ ብላ ትታያለች። ጀልባ ላይ አስፋልት የለም፤ መሪው ነጥቧ ስትርገበገብ ያያል፣ ይጠራጠራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል።

አሁን የመኪና ስክሪን ሊገዛ የሄደ ሰው ምን ይባላል? ስንት ኢንች፣ ስንት ጂቢ ራም፣ ካሜራ አለው የለውም። በካርቶኑ ውስጥ ያለችው ባለ ኬብል ትንሽ አንቴናስ? ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ብረት ሥር ትወተፋለች። ሰማይ የማታይ አንቴና ላይ 10 ኢንች ስክሪን መግጠም መነጽር አጥልቆ ዓይን እንደ መጨፈን ነው።

አራተኛ፦ የስክሪኑ አናት ወዴት ነው?

ሁለት ምርጫ አለ፤ ወይ ሰሜን ሁልጊዜ ላይ ይሆናል፣ ወይ የምትሄዱበት አቅጣጫ ላይ ይሆናል። ከፊታችሁ ካለው ጋር ያልተገጣጠመ ካርታ አንባቢን እንደሚያሳስት ማርቪን ለቪን በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ አሳይቷል። ስለዚህ ቶሎ ለመታጠፍ ሁለተኛው ይሻላል። ከተማውን በጭንቅላታችሁ ለማስቀመጥ ግን የማይዞር ካርታ ይረዳል። መርከበኛ እንደ ሥራው ይለዋውጣቸዋል፤ እኛ ግን ፋብሪካው የሰጠንን ይዘን እንኖራለን።

ቆማችሁ ስትታዩ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጂፒኤስ አቅጣጫችሁን የሚያውቀው ስትንቀሳቀሱ ነው። ስትቆሙ ስልኩ ወደ ውስጡ ኮምፓስ ይዞራል፤ ኮምፓሱ ደግሞ ብረት ይረብሸዋል። አውቶቡስ ተራ ውስጥ በአውቶቡሶች መካከል ቆማችሁ ቀስቷ ብትሽከረከር አይግረማችሁ። በ1 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ እያንዳንዱ 1 ዲግሪ ስህተት 17 ሜትር ያህል ይወስዳችኋል፤ 30 ዲግሪ ከሆነማ ሌላ ሰፈር ናችሁ። ጀልባ ላይ ኮምፓሱ ሲገጠም ጀልባዋን ቀስ ብሎ በክብ በማዞር ከጀልባዋ ብረት ጋር ያላምዱታል። ስልካችሁን በአየር ላይ የስምንት ቁጥር እየሠራችሁ እንድታዞሩት የሚጠይቃችሁም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ሁሉም ነገር ሴቲንግ ይኑረው?

«ለተራ ሰው ይህን ሁሉ ምርጫ ብትሰጠው ይሳሳታል» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ከባድ መከራከሪያ ነው። ኤክዲስ ራሱ ይመሰክርበታል። ዝርዝሩ የበዛ፣ ማስጠንቀቂያው የማያቋርጥ ከመሆኑ የተነሳ መኮንኖች ድምፁን የሚያጠፉበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚጮህ ስክሪን ከዝም ባዩ የተሻለ አይደለም፤ ሁለቱም መጨረሻ ላይ አይሰሙም።

ስለዚህ የምጠይቀው ተጨማሪ ሜኑ አይደለም። ሦስት ነገሮች ያለ ምንም ሴቲንግ ስክሪኑ ላይ ይታዩ፦ ነጥቧ ከሳተላይት ናት ወይስ ከግምት፤ ከስንት ሰከንድ በፊት ተሰላች፤ ስህተቷ ስንት ሜትር ነው። በግምት ስትሄድ ቀለሟ ይቀየር፣ ስትጠራጠር ትስፋ። ይህን ለመሥራት አዲስ ሳይንስ አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹ ስልካችሁ ውስጥ አሁንም አሉ። ሮያል ማጀስቲ ላይም ነበሩ። የጎደለው ዲዛይነሩ ለተጠቃሚው ያለው አክብሮት ነው።

እስኪ እናንተም ሞክሩት። አውቶቡስ ተራ የቀላል ባቡር ጣቢያ ጋ ስትወርዱ ከግድግዳ ተጠግታችሁ፣ ስልካችሁን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ካርታውን ክፈቱ። የፈዛዛዋን ክብ ስፋት በዓይናችሁ ገምቱ፤ ስንት ሱቅ ትሸፍናለች? ዙሙን አጥብቡና አስፉ፤ የትኛው ተራ ጠፋ? ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ቁሙ፤ ቀስቷ ቀጥ አለች ወይስ ዞረች? ወደ አንድ ሕንፃ ውስጥ ግቡና ነጥቧ ምን ያህል ጊዜ ያለ ሳተላይት እንደምትሄድ ተመልከቱ። መልሱን በወረቀት ያዙ፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ድገሙት፣ አወዳድሩት።

ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ጠይቁ፦ «ሳጥን ተራ በየት በኩል ነው?» ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ፣ ሕግ 5፣ ማንኛውም መርከብ ሁልጊዜ በዓይንና በጆሮ ዙሪያውን መጠበቅ አለበት ይላል፤ ምንም ያህል ስክሪን ቢኖረው። የመርካቶው ሰው ከሳጥን ተራ ሁለት መታጠፊያ ቀደም ብሎ ያስቆማችሁና «አሁን ደግሞ እዚያ ያለውን ልጅ ጠይቅ» ይላችኋል። እስከ የት እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። ከስክሪኖቻችን የምጠብቀው ይህንኑ ያህል ነው።